ግራሶ ሲበዛም ኩሽኔታ ይሞቃል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የደረቅ ቡና መቀሸሪያዎች ሥራ ሊጀምሩ፣ የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ደግሞ ሊዘጉ ሲሉ ከጅማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች የሚደርሱን ጥያቄዎች ወደ ኩሽኔታ (ሻፍቱን ይዞ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) ያዘነብላሉ። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ «የትኛው ግራሶ ይሻላል?» ይላል። እኛ ደግሞ አስቀድመን «ስንት ግራም ነው የሚሰጡት? በስንት ጊዜ? የፓምፑ ጫፍስ ይጠረጋል?» ብለን እንጠይቃለን። የግራሶው ስም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

«እጅ አያስነካም፣ በየሦስት ወሩ እንቀይረዋለን»

ጥያቄ፦ ሄርማታ ውስጥ የእህል ወፍጮ አለኝ። በኤሌክትሪክ ሞተርና በቺንጊያ የሚሠራ የድንጋይ ወፍጮ ነው። ኩሽኔታው ላይ 6310 የሚል ቁጥር አለ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳንጀምር በፊት እስኪተፋ ድረስ ግራሶ እንሰጠዋለን። እንዲያም ሆኖ እኩለ ቀን ሳይሞላ እጅ አያስነካም፤ በየሦስት ወሩም እንቀይረዋለን። ግራሶው ርካሽ ስለሆነ ይሆን? — የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ጅማ

መልስ፦ ከዋጋው በፊት የሚጠረጠረው ብዛቱ ነው። ግራሶ ማለት ሳሙና መሰል ማወፈሪያ ይዞ ያስቀመጠው ዘይት ነው። ኩሽኔታውን የሚያለሰልሰው ከማወፈሪያው ትንሽ በትንሽ እየወጣ ኳሶቹ የሚሄዱበትን መንገድ የሚያርሰው ዘይት ነው። የኩሽኔታው ቤት፣ ማለትም ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ብረት፣ ጢም ብሎ ሲሞላ ኳሶቹ ግራሶውን እንደ ሊጥ ሲያቦኩት ይውላሉ። ማቡካቱ ሙቀት ያመጣል፣ ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ የቀጠነው ዘይት ፈስሶ ይወጣል፤ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው የደረቀ ማወፈሪያ ብቻ ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት የሚጨምሩት አዲስ ግራሶ ያንን ደረቅ አልፎ ኳሶቹ ዘንድ አይደርስም፤ በቀላሉ መውጫ ባገኘበት በኩል ይተፋል። «ጠግቧል» ያላችሁት ኩሽኔታ ደርቆ ይሠራል ማለት ነው።

መጠኑን ለማወቅ የኩሽኔታውን የውጭ ዲያሜትርና ስፋት በሚሊ ሜትር ወስደው አባዙና በ0.005 አባዙት፤ መልሱ በግራም ይወጣል። የእርስዎ 6310 ውስጡ 50፣ ውጭው 110፣ ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር ነው። 110 ሲባዛ በ27፣ ሲባዛ በ0.005፣ 14.85 ይመጣል፤ 15 ግራም ይበሉት። የእጅ ፓምፕ በአንድ ምት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ይሰጣል፤ ነገር ግን ፓምፕና ፓምፕ ስለማይመሳሰል በግምት አይሂዱ። 20 ምት ፌስታል ላይ አውጥተው በትንሽ ሚዛን ይመዝኑና ለ20 ያካፍሉ። 24 ግራም ከመጣ አንዱ ምት 1.2 ግራም ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ኩሽኔታ 12 ምት ይበቃል። ቁጥሩን በቀለም ፓምፑ ላይ ይጻፉት፤ ሠራተኛ ቢቀያየርም ልኩ አይጠፋም።

ይህ መጠን ለዕለት አይደለም። ንጹሕና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚዞር ኩሽኔታ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት በአንድ ግራሶ ይሄዳል። ወፍጮ ቤት ግን ዱቄት የሚቦንበት ቦታ ስለሆነ፣ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ወፍጮ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ 15 ግራም እንመክራለን። የኩሽኔታው ሙቀት ከ70 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ በየ15 ዲግሪው ጭማሪ የግራሶው ዕድሜ በግማሽ እያጠረ ይሄዳል፤ 85 ላይ የሚሠራ ኩሽኔታ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን በእጥፍ ቶሎ ቶሎ መስጠት ይፈልጋል።

ሰዓቱንም ይቀይሩ፤ ጠዋት በብርድ ሳይሆን ማታ ሥራ እንዳቆማችሁ፣ ቤቱ ገና ሞቅ እንዳለ። ማብሪያው ጠፍቶ ይቆለፍ። የኒፕሉን (ግራሶ የሚገባበትን ቀዳዳ) ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጫፉ ላይ ያለውን ዱቄት ሳይጠርጉ ፓምፕ መግጠም ዱቄቱን በግፊት ወደ ውስጥ መላክ ነው። ከግማሹ በኋላ ሻፍቱን በእጅ ጥቂት ዙር አዙረው ቀሪውን ይስጡ። የኩሽኔታው ቤት የታችኛው መውጫ ቡሎን ካለው ይፈቱትና አሮጌው ግራሶ መውጫ ይኑረው። በማግስቱ ለጥቂት ሰዓት ሙቀቱ ከወትሮው ትንሽ ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ ትርፉ ሲወጣ ይመለሳል። ካልተመለሰ ሌላ ችግር አለ።

አሁን ያለውን ለማስተካከል ግን በላዩ ላይ መጨመር አይጠቅምም። ቤቱን ይክፈቱ፣ አሮጌውን ግራሶ በእንጨት ፍቀው ያውጡ፣ ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ ይጠቡ። በኮምፕሬሰር አየር እያሽከረከሩ ማድረቅ የተለመደ ነው፤ ይተዉት። ዘይት የሌለው ኩሽኔታ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ራሱን ይፍቃል፣ አንዳንዴም ኳሱ ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል። በጨርቅ ላይ አድርገው በጥላ ያድርቁት። ከዚያ የኳሱን መንገድ በብርሃን ይዩት፤ ወደ ቢጫ ወይም ሰማያዊ የዞረ ብረት ሙቀት ያበላሸው ነው፣ አይመለስም። የተቦረቦረ ወይም ቅርፊት የተነሳለት ካለም ይቀየር። ደህና ከሆነ ኩሽኔታው ራሱ በጣት እየተጫነ ሙሉ በሙሉ ይሞላ፤ በዙሪያው ያለው የቤቱ ባዶ ቦታ ግን ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ።

ሙቀት መለኪያ ከሌለዎት ውሃ ይርዳዎት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቤቱ ላይ የጣሉት ጠብታ ጭስ ብሎ ከተነነ ከዚያ በላይ ሞቋል፤ ወዲያው ያቁሙ። መዳፍዎን አሳርፈው አምስት ሰከንድ ያህል መታገስ ከቻሉ ከ60 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፣ ይህ ለወፍጮ ደህና ነው።

ግራሶው ተስተካክሎም የሚሞቅ ከሆነ ቺንጊያውንና ድንጋዩን ይመልከቱ። ቺንጊያ ያንሸራትታል በሚል ከልክ በላይ ይወጠራል፤ የውጥረቱ ሸክም በሙሉ የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ነው። ቺንጊያው በሚዞርባቸው በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ያለው ነጻ የቺንጊያ ርዝመት 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መሐሉ በአውራ ጣት ጠንከር ተብሎ ሲጫን 14 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት (ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር 1.6 ሚሊ ሜትር)። የደነዘ ድንጋይ ደግሞ ዱቄት እንዲያልም ሲባል በመጫኛው ጠበቅ ይደረጋል፤ ግፊቱ ሻፍቱን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ 6310 ደግሞ የጎን ግፊት በልኩ እንጂ እንደ ልብ አይችልም። በሸክምና በኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ መካከል ያለው ስሌት ምሕረት የለውም፤ ሸክሙ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ ስምንተኛ እጁ ይወርዳል። ሩብ ያህል ብቻ ቢጨምር እንኳን ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ድንጋዩን በጊዜው መውቀር ከማንኛውም ውድ ግራሶ የበለጠ ኩሽኔታ ያቆያል።

ማጠቢያው ሲዘጋ የሚዝገው ኩሽኔታ

ጥያቄ፦ ጎማ ወረዳ በአንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ መካኒክ ነኝ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ሠርተን እንዘጋለን። በዓመቱ መፈልፈያውን ስናስነሳ ኩሽኔታዎቹ ይጮኻሉ፤ ሁለቱን ጭራሽ ተጣብቀው አገኘናቸው። ዩሲፒ 206 (ከነቤታቸው የሚመጡ፣ ሻፍቱ ላይ በቡሎን የሚታሰሩ) ናቸው። ሥራ ላይ እያሉ ምንም አይሉም ነበር።

መልስ፦ የሚዝጉት ሲሠሩ ሳይሆን ሲያርፉ ስለሆነ ነው። በሥራ ወቅት የገባው ውሃና የቡናው ልጋግ እየተቦካ የሚፈጥረው አሲድ፣ ኩሽኔታው እስከዞረ ድረስ በግራሶው ውስጥ ተበትኖ ይቆያል። ማሽኑ ሲቆም ውሃው ኳሱና ብረቱ በሚነካኩበት ጠባብ ቦታ ይሰበሰባል፤ በዚያ ላይ የክረምቱ እርጥበት ይጨመርበታል። አንዱን ከፍተው ቢያዩት በመንገዱ ላይ በኳሶቹ መካከል ባለው ርቀት ልክ የተደረደሩ የዝገት ነጠብጣቦች ያገኛሉ። ጩኸቱ የሚመጣው ከእነዚያ ነው፤ እነሱን ደግሞ የትኛውም ግራሶ አይሞላቸውም።

የመዝጊያው ቀን ሥራ እንዲህ ይሁን። ማሽኑ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ሲታጠብ የውሃው ጎማ በቀጥታ ወደ ኩሽኔታው ከንፈር (ውሃ የሚከላከለው የክዳኑ ጠርዝ) አይዙር። ቺንጊያው ጨርሶ ይላላ፣ ወይም ይውለቅ። ከዚያ ሻፍቱን አንድ ሰው በእጅ እያዞረ ሌላው ቀስ እያለ ግራሶ ይስጥ፤ ወተት የመሰለው ነጣ ያለ ግራሶ አልቆ ንጹሑ በዙሪያው ቀለበት ሠርቶ እስኪወጣ ድረስ። ለወፍጮው ባለቤት «ሙሉ አይሙሉ» ብለን ለእርስዎ «ይሙሉ» ማለታችን የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ የቆመ ኩሽኔታ ስለማያቦካ አይሞቅም፣ ሙሉ መሆኑ ደግሞ ውሃውንና አየሩን ያስወጣል። የወጣውን ቀለበት አይጥረጉት፤ በእረፍት ወራት ከንፈሩን የሚዘጋው እሱ ነው። የተጋለጠውን ሻፍት በስሱ ይቀቡ። ማሽኑን በላስቲክ አፍኖ መጠቅለል እንፋሎቱን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ሸራ ይሻላል፣ ከታች አየር የሚያስገባ።

በወር አንድ ጊዜ ጥበቃው ሻፍቱን አምስት ስድስት ሙሉ ዙር ያዙርና ከነበረበት በተለየ ቦታ ላይ ያቁመው፤ ለዚህ ፑሌጃው ላይ በኖራ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ኳሶቹ ስምንት ወር አንድ ነጥብ ላይ እንዳይቀመጡ የሚያደርገው ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኛ እንደምናየው ከዝርዝሩ ሁሉ ቀድሞ የሚረሳውም ይኸው ነው።

ሲከፈት የወጣውን ቀለበት ጠርገው፣ ያለ ቡና ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኪዱት። ትርፉ ግራሶ ሲወጣ ይጥረጉ። ቤቱ እየሞቀ ከሄደ አቁመው ያቀዝቅዙና ድጋሚ ያስነሱ።

በሥራ ወቅት ለዩሲፒ 206 ከ5 እስከ 6 ግራም በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜም ከእጥበት በኋላ ይስጡ፤ ቀድመው ከሰጡት ውሃው ይከተለዋል፣ ኋላ ከሰጡት ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። የግራሶው ዓይነት የካልሲየም ሰልፎኔት ቢሆን ውሃንም ዝገትንም ከሁሉ በላይ ይችላል። እሱ ካልተገኘ ተራ የካልሲየም ግራሶ እንኳን ለእንዲህ ያለ ሥራ አያሳፍርም፤ ከ60 ዲግሪ በላይ አይወድም እንጂ የመፈልፈያ ኩሽኔታ መች እዚያ ይደርሳል። ከቡናው መውረጃ በላይ ላለ ኩሽኔታ ግን ኤንኤስኤፍ ኤች1 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይግዙ፤ በድንገት ምግብ ቢነካ ተብሎ የተፈቀደ ማለት ነው።

ቀዩ ከሰማያዊው ይበልጣል?

ጥያቄ፦ ቀዩ ግራሶ ሙቀት ይችላል፣ ሰማያዊው ለውሃ ነው ይላሉ። ሰማያዊው አልቆብኝ ቀዩን በላዩ ላይ ጨመርኩ፤ ከሳምንት በኋላ እንደ ዘይት ቀጥኖ ፈሰሰ። የተበላሸ ሸጠውልኝ ነው? — አጋሮ

መልስ፦ ሻጩን አይውቀሱ። ቀለም ፋብሪካው የሚጨምረው ማቅለሚያ ነው፤ ስለ ሙቀትም ስለ ውሃም ምንም አይናገርም። መታየት ያለበት በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የማወፈሪያው ዓይነት ነው፤ ሊቲየም፣ ሊቲየም ኮምፕሌክስ፣ ካልሲየም፣ ፖሊዩሪያ፣ ቤንቶናይት የሚባለው ሸክላ። ሊቲየምና ሊቲየም ኮምፕሌክስ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ። ቤንቶናይት ከሌላ ጋር አይቀላቀል። ፖሊዩሪያ ብዙ የኤሌክትሪክ ሞተር ኩሽኔታዎች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ነው፤ በላዩ ሊቲየም ሲገባበት አንዳንዴ የእርስዎ ዓይነት ነገር ይከሰታል፣ ወይም ተገላቢጦሽ ጠጥሮ እንደ ሰም ይቆማል።

ከጽሑፉ ላይ ሁለት ነገር ይጨምሩ። ኤንኤልጂአይ 2 የሚለው የግራሶው ጥንካሬ ነው፣ ለአብዛኛው ማሽን የሚስማማው እሱ ነው። የዘይቱ ውፍረት ደግሞ አይኤስኦ ቪጂ ተብሎ ይጻፋል፤ በፍጥነት ለሚዞር ሞተር 100 ገደማ፣ ለወፍጮና ለመፈልፈያ ከ150 እስከ 220፣ ለከባድና ዝግተኛ ከዚያ በላይ። ጥቁሩ፣ ሞሊብዲነም ያለው ግራሶ፣ ለፒንና ለቡሽ ጥሩ ነው፤ በፍጥነት ለሚዞር ኩሽኔታ አንመክረውም።

መለወጥ ግድ ሲሆን ኩሽኔታውን ፈትቶ አጥቦ በአዲሱ መሙላት ነው። መፍታት ካልተቻለ የተለመደውን መጠን በአጭር በአጭር ጊዜ እየሰጡ አሮጌው እስኪወጣ መግፋት። ከመጀመርዎ በፊት ሁለቱን እኩል አድርገው በመስታወት ላይ በካቻቪቴ ጫፍ ለጥቂት ደቂቃ አሹዋቸውና አሳድሯቸው። ጠዋት ከቀጠነ ወይም ዘይት ካቀረረ አይሞክሩት። ሳይለወጥ ቢያድርም ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ሙቀትና ፍጥነት መስታወት ላይ የሉም።

የተቃጠለ ዘይት ለካቴና

ጥያቄ፦ ለመቀሸሪያው ኤሌቬተር ካቴና የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባለን። ጉዳት አለው? — ከጅማ ከተማ

መልስ፦ አለው፣ ለካቴናውም ለቡናውም። የተቃጠለ ዘይት ጥላሸት፣ የብረት ብናኝ፣ የነዳጅ ቅሪትና አሲድ የተሸከመ ነው፤ ካቴና የሚያልቀው ደግሞ ከላይ ሳይሆን በፒኑና በቡሹ መካከል ነው፣ ያ ብናኝ የሚገባውም እዚያው። የጀንፈሉ ገለባ ሲለጠፍበት የሞረድ ሥራ ይሠራል። ሽታውን ቡናው ይስበዋል፤ በውስጡም ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉ። ካቴናውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጽድተው፣ ኤች1 የሆነ ቪጂ 150 ወይም 220 የካቴና ዘይት ከውስጠኛው ጎን በስሱ ይስጡ፣ ትርፉን ይጥረጉ። እርምጃው (ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት) 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ካቴና 10 ዓይኑ ተወጥሮ ሲለካ 254 ነው፤ 260 ካለፈ ዘይት አያድነውም፣ ይቀየር፣ ጥርሱም አብሮ ይታይ። የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን ያጠራቅሙ፤ ወደ ቦይ የፈሰሰው መድረሻው አዌቱ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ጥያቄ፦ ሱቅ ስሄድ 6205-2አርኤስ፣ 6205 ዜድዜድ፣ 6205 ሲ3 እያሉ ይጠይቁኛል። ልዩነቱን ቢያስረዱኝ።

መልስ፦ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 አባዙ፤ 05 ሲባዛ በ5፣ 25 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡ ቀዳዳ ነው። (00፣ 01፣ 02 እና 03 ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው፤ 10፣ 12፣ 15 እና 17 ሚሊ ሜትር።) 62 የሚለው ተርታውን ይነግራል፤ 6205 ውጭው 52፣ ስፋቱ 15 ነው። 6305 ግን ቀዳዳው ያው 25 ሆኖ ውጭው 62፣ ስፋቱ 17 ነው፤ ከበድ ያለ ሸክም ይችላል፣ በ6205 ቤት ግን አይገባም።

2አርኤስ በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን አለው፣ ክዳኑ ብረቱን ስለሚነካ አቧራ ይከላከላል። ዜድዜድ የብረት ክዳን ነው፣ አይነካም፣ ቀለል ብሎ ይዞራል፣ ደቃቅ ብናኝ ግን ያሳልፋል። ለመቀሸሪያና ለወፍጮ ቤት 2አርኤስ ይውሰዱ፤ ሁለቱንም አይጠቡ፣ ክዳኑን ፈልቅቀውም ግራሶ አይጨምሩ፣ ከፋብሪካ የተሞላላቸው እስከ ዕድሜያቸው ነው። ሲ3 የጥራት ደረጃ አይደለም፤ በኳሱና በመንገዱ መካከል ያለው ክፍተት ከተለመደው ሰፋ ያለ ነው ማለት ነው፣ ሲሞቅ እንዳይጣበቅ። አሮጌው የሞተር ኩሽኔታ ሲ3 ከሆነ አዲሱም ሲ3 ይሁን። ሌላ ቦታ ላይ ዝም ብሎ «ሲ3 ይበልጣል» ብሎ መግጠም ጫጫታ ያመጣል።

ሲገዙ ካርቶኑን ሳይሆን ብረቱን ያንብቡ። ጽሑፉ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ፣ የካርቶኑና የቀለበቱ ቁጥር የማይገጥም ከሆነ፣ ወይም ብረቱ ላይ ተሞርዶ የተወለወለ ምልክት ካለ ይተዉት።

በመዶሻ መግጠምና የተወጋጋ ሻፍት

ጥያቄ፦ አዲስ ኩሽኔታ ስንገጥም ከመጀመሪያው ቀን ይጮኻል። ሻፍቱ ስለሰፋለት ጋራዥ ውስጥ በቡሊኖ (በሾለ መውጊያ ብረት) ወጋግተን ነው የገጠምነው። 50 ሚሊ ሜትር ሻፍት ነው። — ከሰቃ

መልስ፦ ሁለት ጥፋት አለ። ሻፍት ላይ ሲገጠም ምቱ የሚያርፈው ውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ መሆን አለበት። የውጭውን ቀለበት ከመቱ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና መንገዱን ያጎደጉዳል፤ የመጀመሪያው ቀን ጩኸት ያ ነው። ጫፉ በቶርኖ የተስተካከለ፣ ውስጠኛውን ቀለበት ዙሪያውን የሚነካ ቧንቧ ያዘጋጁ። ከዚያ የሚሻለው ማሞቅ ነው። ክፍት ኩሽኔታ በንጹሕ ዘይት ውስጥ ከድስቱ ሥር ሳይነካ በሽቦ ተንጠልጥሎ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ይሙቅ፤ ከ120 አይለፍ። በነበልባል በቀጥታ አይሞቅም። ባለ ጎማ ክዳን ከሆነ ዘይት ውስጥ አይግባ። 50 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ በ70 ዲግሪ ጭማሪ 42 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ያህል ይሰፋል፤ ይህ ያለ መዶሻ በእጅ ገፍቶ ለማስገባት ይበቃል። ከቦታው ሲደርስ እስኪቀዘቅዝ ገፍተው ይያዙት፣ አለበለዚያ ከሻፍቱ ትከሻ ሊርቅ ይችላል።

የተወጋጋው ሻፍት ደግሞ ኩሽኔታውን የሚይዘው በጥቂት የጉብታ ጫፎች ነው። ጫፎቹ በሳምንት ውስጥ ይጨፈለቃሉ፣ ቀለበቱ ሻፍቱ ላይ መሽከርከር ይጀምራል፣ በመካከሉ ቡናማ ቀይ ዱቄት ይታያል። ቶርኖ ቤት ወስደው በብየዳ አስሞልተው ያስጠርቡት፣ ወይም ቡሽ ያስገቡለት፤ ለቶርኖ ባለሙያው የሚሰጡት ልክ ከ50.002 እስከ 50.018 ሚሊ ሜትር ነው። በማይክሮ ሜትር ይለካ፣ በካሊፐር ይህ ልዩነት አይታይም። ልኩ ይህ የሚሆነው በጥብቅ ለሚገባ ኩሽኔታ ነው፤ እንደ ዩሲፒ በጎኑ ቡሎን ለሚታሰረው ሻፍቱ ከ50 ሳይበልጥ በእጅ ተንሸራቶ መግባት አለበት።

ሪዳክተሩ ውስጥ ቢጫ ብልጭልጭ

ጥያቄ፦ ለኮንቬየራችን ሪዳክተር (የሞተሩን ፍጥነት ለሚቀንሰው የጥርስ ሳጥን) 140 የካምቢዮ ዘይት ሞልተን ነበር። ስናወጣው ጠቁሮ ውስጡ ወርቅ መሰል ብልጭልጭ አየን። በኦይል ሲሉም (ዘይት እንዳይወጣ ሻፍቱን በሚከበው ጎማ) ያፈስሳል። — የቡና መቀሸሪያ ቴክኒሻን

መልስ፦ ብልጭልጩ ነሐስ ነው። እንዲህ ያለው ሪዳክተር ውስጥ የብረት ዊንጥ የነሐስ ጥርስ ይገፋል፤ ሥራው በሙሉ መንሸራተት ስለሆነ የሚሞቀውም ለዚያ ነው። 140 ዘይት በውፍረቱ አልተሳሳታችሁም፣ ከቪጂ 460 ጋር ይቀራረባል። ስህተቱ ያለው በውስጡ በተጨመረው ቅመም ነው። ጂኤል-5 የተባለው የመኪና ዘይት ለከባድ ግፊት ተብሎ ሰልፈር የበዛበት ነው፤ ዘይቱ ሲሞቅ ሰልፈሩ ነሐስን ያጠቁራል፣ ይበላል። አዲስ ሪዳክተር መጀመሪያ ሲለማመድ ጥቂት ብልጭታ ማሳየቱ ያለ ነገር ነው፤ አሮጌው ግን ሲያሳይ እየተፋቀ ነው።

ለዊንጥ ሪዳክተር ተብሎ የተሠራ ቪጂ 460 ማዕድን ዘይት ይግዙ። የሪዳክተሩ መለያ ሳህን ላይ ፖሊግላይኮል (ሰው ሠራሽ ዘይት) ይሞላ ብሎ ከተጻፈ ግን እሱን ብቻ፤ ከማዕድን ዘይት ጋር ሲደባለቅ ስለሚዝለገለግ አሮጌው ጠብታ ሳይቀር መውጣት አለበት። አሮጌውን ገና ሞቅ እንዳለ ያውጡ፣ በትንሽ አዲስ ዘይት አለቅልቀው ይድፉ፣ ከዚያ እስከ ደረጃ መስታወቱ እኩሌታ ይሙሉ። ከ200 እስከ 300 ሰዓት ሲሠራ አንድ ጊዜ ቀይረው ቀለሙን ይዩ። ማፍሰሱን በተመለከተ፣ ከላይ ያለችው ትንሿ መተንፈሻ በገለባ ብናኝ ስትዘጋ የሞቀው አየር ግፊት ይፈጥርና ዘይቱን በሻፍቱ ዳር ይገፋዋል፤ ኦይል ሲል ከመግዛትዎ በፊት መተንፈሻዋን ነቅለው በናፍጣ ይጠቧት፣ በአፍ ሲነፋባት አየር ካሳለፈች ይመልሷት።